ሞቅ ያለው ቱቦ

ሮዌና ኪፒንግ «አውቀዋለሁ» የሚል ቃል ስትሰማ ቆሽቷ ያርራል። ተወልዳ ያደገችው ደግሞ በኒውፋውንድላንድ ደቡብ ጠረፍ፣ ይህ ቃል ከጭጋጉ እኩል በማይጠፋባት አንዲት ትንሽ ወደብ ነው። ማን ታመመ? አውቀዋለሁ። የማን ጀልባ ነው? አውቃታለሁ። የዚያ ልጅ አባት ማን ነው? እሱንማ ከእናቱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ! ሰባት መቶ ሰው አምስት የቤተሰብ ስም ተካፍሎ በሚኖርበት አገር ማወቅ ክብር ነው፤ ሌላ ሀብት የሌለው ሰው እንኳ እሱን አያጣም። ሮዌናም እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ድረስ እንደ ሰዉ ሁሉ ታውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የሸርጣን እግር ስትሰብር ነው የኖረችው። አንድ ጠዋት ለፈረቃ ሲመጡ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። «ውድ ሠራተኞቻችን፣ ፋብሪካው ተዘግቷል» ይላል። ከዚያ በታች የማንም ስም የለም፤ የላኪውም የተቀባዩም። ሌሎቹ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። ሮዌና ወረቀቱን ገንጥላ ኪሷ ከተተችው። እስከ ዛሬም አልጣለችውም፤ ባነበበችው ቁጥር እንደ አዲስ ደሟ ይፈላል።

ትምህርት ቤት የገባችው በዚያ ንዴት ነው። በመንደሩ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ «የላቦራቶሪ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ የሚነቅለው ሰው ጠፍቶ፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። የፋብሪካ ጓደኞቿ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ እሷ ያንን ቢጫ ወረቀት አይታ ሴንት ጆንስ ሄደችና የሕክምና ላቦራቶሪ ተመዘገበች። ያሳደገቻት አክስቷ ሴዲ ሻንጣዋን እያሰረችላት፣ «ካረጁ አይበጁ አሉ፤ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ልትሸከሚ?» አለቻት። የክፍሏ ልጆች አሥራ ዘጠኝና ሃያ ዓመታቸው ነበር። እማማ ነበር የሚሏት። የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ከመቶ አርባ አንድ አመጣች፤ ወረቀቱን ከፋብሪካው ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀመጠችው።

በትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን መምህርቷ ወይዘሪት ፓይክ አንድ የደም ቱቦ ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች።

«ይህ የማን ደም ነው?»

አንዱ ልጅ ስቲከሩን አነበበ።

«አንተ ያነበብከው ወረቀት ነው» አለችው። «ደም ስም የለውም። ስም የሚሰጠው አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው በሽተኛውን ስሙንና የተወለደበትን ቀን ካልጠየቀ፣ በሽተኛው በገዛ አፉ ካልተናገረ፣ እዚያው ካልተጻፈ፣ እኛ እዚህ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተን የምንውለው ውሸት ስንቆጥር ነው። እናታችሁም ብትሆን ጠይቁ። እናታችሁ ከሆነች እንዲያውም ሁለቴ ጠይቁ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሮዌና አልሳቀችም። የአገሯን ሰው አሰበችና ይህ ነገር ጣጣ ሊያመጣባት መሆኑ ገባት።

ሁለት ዓመት ተኩል ተምራ ለመጨረሻው የልምምድ ጊዜ ወደ መንደሯ ሆስፒታል ተላከች፤ አሥራ አራት ሳምንት። የሙያ መዝገብ የሚሉት ወፍራም ደብተር አብሯት መጣ። ደም መቅዳት፣ ሴል መቁጠር፣ የደም ዓይነት መለየት፣ እያንዳንዱን ሥራ በደንብ ስትሠራ አንድ ፊርማ ታገኛለች። የመጨረሻውን ገጽ የሚፈርመው የላቦራቶሪው ኃላፊ ሄድሊ ሮዝ ነው። እሱ ካልፈረመ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ምስክር ወረቀት የለም፤ ያ ቢጫ ማስታወቂያም እዚያው ግድግዳው ላይ ይሰነብታል። የምትመለስበት ፋብሪካ እንኳ የላትም።

ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞቿ አንዷ አክስቷ ሴዲ ሆና ቁጭ አለች። ስኳሯን ልትመረመር ነው የመጣችው፤ የተጠባባቂው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል፣ በሩ ክፍት ነው።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለች ሮዌና።

«ምን?»

«ሙሉ ስምና የተወለዱበትን ቀን።»

ሴዲ ወደ በሩ ዞረች። «ሰማችሁልኝ? አንቱ አለችኝ! ንፍጧን የጠረግኩት ልጅ አንቱ አለችኝ!»

«አክስቴ፣ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው።»

«ሁሉንም ሰው ጠይቂ፤ እኔ ሁሉም ሰው ነኝ? ትናንት ማታ ድንች የላጥኩልሽ ማን መሰለሽ?»

«ስም።»

«ሴዲ! ሴዲ ኪፒንግ! የተወለድኩት ማዕበሉ የአባቴን ጀልባ የወሰደ ሰሞን ነው፤ ጻፊው!»

«ቀኑን፣ አክስቴ።»

ከውጭ ሳቁ ፈነዳ። ሴዲ ቀኑን ተናገረች፤ ክንዷን ግን ልክ ለጠላት እንደምትሰጥ ነው የሰጠቻት። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ባለሱቁ፣ «ዳቦ ነው የፈለግሽው? በቅድሚያ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን» አላት። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛም ያንኑ ቀልድ ደገመችው፤ የጀልባ መቅዘፊያ የሚጠግነውም ሰውዬ ደገመው። አንዳንዱ ደግሞ ሳይቀልድ፣ «ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ስማችን ጠፋባት» ይላል። ሮዌና ጥርሷን ነክሳ ትስቃለች። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ እንዴት እንደምትዘጋው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

ይህን ግን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ግሌኒስን ነው።

ግሌኒስ ዱርንፎርድ ሃያ ሰባት ዓመት ነርስ ናት። የመንደሩን ግማሽ እሷ ናት ያዋለደችው፤ የሌላውን ግማሽ ዐይን ከድናለች። አንድ ክረምት መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄዳ ለአንድ ሽማግሌ መድኃኒቱን አድርሳለች። ደግ ናት፤ በዚህ ላይ ሐሜት የለም። ደግ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ የሚያደክም ነገር ነው፤ ተናዳጁ ራሱ ክፉ ይመስላልና። ግሌኒስ ከበሽተኛ ደም ትቀዳለች፣ ቱቦውን ለልጆች ከምትይዘው ከረሜላ ጋር ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ሌላውን ትቀዳለች፣ እሱንም ትጨምራለች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ በቆርቆሮ ወተት የነጣ ሻይዋን እየጠጣች፣ ስቲከሮቹን አንድ በአንድ ትለጥፋለች። ማንንም ስሙን ጠይቃ አታውቅም። ለምን ትጠይቅ? ታውቃቸዋለች።

ሮዌና በሦስተኛው ሳምንት ነገሩን ለሄድሊ ነገረችው። ሄድሊ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ዐይኑ እንደ ንስር ነው፤ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሲል ግን ሰው ይፈራል።

«ሕጉ አልጋው አጠገብ ይለጠፍ ነው የሚለው» አለችው።

«ሕጉን አውቀዋለሁ። ግሌኒስን ደግሞ ከሕጉ በፊት ነው የማውቃት።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ምንም። አንቺ ማሽንሽን ጠብቂ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አትበይ።»

ሮዌና ማሽኗን ጠበቀች። አሥር ሳምንት ሙሉ ጠበቀች። በየቀኑ ከግሌኒስ ኪስ የሚወጣውን ቱቦ ተቀበለች። አፏን ያዘችው፤ ፊርማው ያስፈልጋታል። በዚህ በራሷ አፈረች፤ እፍረቱ ደግሞ መልሶ ንዴት ሆነ።

በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አጎት ኤሊ ዱርንፎርድን በጭነት መኪና አመጡት። በዚያ አገር ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው፤ ኤሊ ዱርንፎርድ የሚባሉ አጎቶች ደግሞ ሁለት ናቸው። የወንድማማቾች ልጆች ናቸው፤ ባሕር የበላውን አያታቸውን ስም ለማስቀረት ሁለቱ አባቶች ተሻሙና፣ ማንም ለማንም አልለቅም ብሎ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ኤሊ ተወለደ። አንዱ ቤቱ ከወደቡ ጫፍ ስለሆነ የጫፉ ኤሊ ይሉታል፤ ሌላው የኮረብታው ኤሊ ነው። የኮረብታው ኤሊ ሳንባው ታሞ ከተኛ አራት ቀኑ ነው። የዛሬው የጫፉ ኤሊ ነው፤ መረቡን እየጠቀለለ ሳለ ደም አስመለሰ። ዶክተሯ ደም ይሰጠው፣ ሁለት ከረጢት፣ ቶሎ አለች። አልጋ ስላልነበረ ከአጎቱ ልጅ ጎን አስተኙት፤ በመካከላቸው መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

ግሌኒስ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ዐይኗ ቀልቷል፤ የጫፉ ኤሊ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። እጇን ኪሷ ከተተች። ከሁለቱም ኤሊዎች የቀዳችው ሁለት ቱቦ ወጣ፣ ሁለቱም ሐምራዊ ክዳን፣ አንድ ቀይ ከረሜላ ተጣብቆባቸዋል። ስቲከሮቹ በሌላ እጇ ናቸው። ሮዌና መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም አየች።

«የቱ የማን ነው?»

ግሌኒስ ቱቦዎቹን አገላብጣ አየች። ከዚያ ሁለቱን ቱቦዎች መዳፏ ላይ አድርጋ ጨበጠቻቸው።

«ይኸኛው የጫፉ ነው» አለች። «ሞቅ ያለው። እሱን ነው መጨረሻ የቀዳሁት።» ስቲከሩን ለጥፋ በመስኮቱ አሾለከችው።

ሮዌና ቱቦውን አልነካችውም።

«አልቀበለውም።»

«ምን አልሽ?»

«አልቀበለውም። ድጋሚ ይቀዳ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ደም እያስመለሰ ነው!»

«ለዚሁ ነው የማልቀበለው።»

«ሃያ ሰባት ዓመት!» ግሌኒስ መስኮቱን መታችው። «ሃያ ሰባት ዓመት ስቀዳ አንድ ጊዜ ተሳስቼ አላውቅም!»

«ቢሳሳቱስ በምን ያውቁ ነበር?»

«ኤሊን አላውቀውም? ኤሊን? ሠርጌ ላይ አብሬው የጨፈርኩትን ሰውዬ?»

«ኤሊንማ ያውቁታል። ደሙን ነው የማያውቁት።»

«እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር! ስታድጊ ያየሁሽ ልጅ...»

«እናቴን ተያት» አለች ሮዌና። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር፤ አንቱታው ከአፏ እንዴት እንደወደቀ እሷም አላወቀችም። «የቱ እንደሆነ አታውቂም፣ ግሌኒስ። በእጅሽ ሙቀት እየገመትሽ ነው። ሰው ላይ እየገመትሽ ነው!»

ሄድሊ ከውስጥ መጣ። ግሌኒስን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ ሮዌናን አየ፤ ገና ሳይነግሩት ሁሉም ገብቶታል፤ ይህ ነው ሮዌናን ያሳበዳት።

«ተቀበያት» አለ።

«አልቀበልም። ሰውየው መጠበቅ ካልቻለ ማቀዝቀዣው ውስጥ ለማንም የሚሆን ኦ ኔጌቲቭ አራት ከረጢት አለ፤ አሁን ይውሰዱት። መጠበቅ ከቻለ አምስት ደቂቃ ስጡኝ፣ ራሴ ሄጄ እቀዳለሁ።»

«በዚህ ጭጋግ አራቱን ጨርሰን ሌላ ከየት እናመጣለን? አይሮፕላን አይነሳ፣ ጀልባ አይመጣ።»

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ።»

«ሮዌና።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን ቱቦ ዛሬ ካልተቀበልሽ የመጨረሻዋን ገጽ አልፈርምልሽም። ትእዛዝ እምቢ ያለች ተማሪ ብዬ ለትምህርት ቤትሽ እጽፋለሁ። ገባሽ? ሳምንት ነው የቀረሽ። ሁለት ዓመት ተኩልሽን በአንድ ቱቦ አታቃጥይው።»

ሮዌና የፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ትዝ አላት። ስም የሌለው ወረቀት። ፈርታለች፣ አትዋሽም። ግን ትሪዋን አነሳች፣ መርፌ፣ ማሰሪያ፣ አዲስ ቱቦ ያዘች፣ በሁለቱ መካከል አልፋ ወጣች።

የጫፉ ኤሊ ፊቱ እንደ ሰም ሆኗል፤ ምላሱ ግን ጤነኛ ነው።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ አጎት ኤሊ።»

«እንዴ! አጎት ኤሊ ብለሽ ጠርተሽኝ ስሜን ትጠይቂኛለሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«አሁን እኮ ግሌኒስ ቀዳችኝ። ምኑን ነው የምትጨርሱት? ደሜን እያስመለስኩ፣ የቀረችኝን እናንተ ትጠጡ!»

«ስምዎን!» ብላ ጮኸች። መጋረጃው ማዶ ያለው ኤሊ ሳሉን አቆመ።

ሽማግሌው ደነገጠና ተናገረ። ኤሊ ዱርንፎርድ፣ መጋቢት ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት። ሮዌና ክንዱን አሰረች። ስልሳ ዓመት በቀዝቃዛ ገመድ የጠነከረ ክንድ ነው፤ ደም ሥሩ ከመርፌው ይሸሻል። ንዴቷ አጣድፏት የመጀመሪያውን ሳተችው። ሽማግሌው ተሳደበ፤ እሷን፣ ትምህርት ቤቷን፣ መንግሥትን ሰደበ። ሁለተኛውን አገኘችው። ቱቦው ሲሞላ እዚያው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የራሷን ፊርማ ጻፈች።

ላቦራቶሪው ውስጥ ሄድሊ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ግሌኒስ መስኮቱን አልለቀቀችም። ሮዌና አዲሱን ደም ከመለያው ፈሳሽ ጋር ቀላቀለች። ደሙ ለስላሳ ሆኖ ቀረ፤ ኦ ነው። ከዚያ ማንም ሳያዛት ሞቅ ያለውን ቱቦ አነሳች፣ ያንኑ ፈሳሽ ጨመረችበት። ደሙ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራረጠ። ኤ ነው። ያልሞቀውን ቱቦ ሞከረችው፤ ኦ። ሞቅ ያለው ቱቦ የኮረብታው ኤሊ ነበር። ኪሱ ውስጥ ወደ ግሌኒስ ገላ ተጠግቶ የተቀመጠው እሱ ነበርና፣ ሙቀቱ የኤሊ አልነበረም፤ የግሌኒስ የራሷ ነበር።

የጫፉ ኤሊ እዚህ ሆስፒታል የደም ዓይነቱን ተመርምሮ አያውቅም። የሚያወዳድሩት የቆየ መዝገብ የለም። ያንን ቱቦ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ለኦው ሰውዬ የኤ ደም ይሰጡት ነበር፤ የገዛ ገላው የገባበትን ደም ይዋጋል፣ ኩላሊቱ ይዘጋል፣ ከነገ ላያልፍ ይችላል። መንደሩም ብዙ ደም ፈሶት ሞተ ብሎ ይቀብረዋል። ግሌኒስ ዐይኑን ትከድንለታለች። ሰዎችም ለድካሟ ኬክ ጋግረው ይወስዱላታል። ሮዌና ይህ ሁሉ በአንዴ ታያትና፣ አሥር ሳምንት ዝም ብላ የተቀበለቻቸው ቱቦዎች ትዝ አሏት። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ግሌኒስ» አለ ሄድሊ። ግሌኒስ ግን መስኮቱ ላይ የለችም።

የኦውን ደም ሰጡት። ማታ ጉንጩ ቀላ፣ ሾርባ ጠየቀ።

በማግስቱ ሄድሊ አንድ ወረቀትና የሮዌናን ደብተር ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ለአስተዳደሩ የሚላክ ሪፖርት ነው። «በተማሪዋ ጥያቄ መሠረት ናሙናው በድጋሚ ተወስዷል። በበሽተኛው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ይላል። ከታች የሮዌና ፊርማ የሚያርፍበት መስመር አለ።

«አንቺ እሱን ትፈርሚያለሽ፣ እኔ ይሄን እፈርማለሁ» አለ ደብተሩን እየነካ።

«ማን ወሰደው? ለምን ተወሰደ? ስም የት አለ?»

«ሰውዬው ድኗል። አስተዳደሩ ለሱም እንዳይነገር ብሏል፤ ጉዳት የለማ። ግሌኒስ ትናንት ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው።»

«ማልቀሷን አልጠየቅኩም።»

«ሰው አይደለሽም እንዴ? ሦስት ዓመት ነው ለጡረታዋ የቀራት!»

ሮዌና እስክሪብቶውን አነሳች። በሪፖርቱ ላይ፣ ከታይፑ በታች፣ በእጅ ጽሑፏ ጻፈች፤ ሁለት ቱቦ ከኪስ ወጣ፣ ስቲከሩ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፣ የተለጠፈው የተሳሳተው ላይ ነው፣ ነርስ ግሌኒስ ዱርንፎርድ፣ ተቆጣጣሪ ሄድሊ ሮዝ፣ ተማሪ ሮዌና ኪፒንግ። ቀጥላም፣ እኔም አሥር ሳምንት ይህን እያየሁ ተቀብያለሁ ብላ ጨመረች። ከዚያ ፈረመች።

ሄድሊ አነበበው። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አነበበው።

«ይህን ቀድጄ ብጥለውስ?»

«ሦስቱም ቱቦዎች ማቀዝቀዣው ውስጥ ናቸው። መመሪያው ሰባት ቀን ይቆዩ ይላል። ወይዘሪት ፓይክ ሰኞ ልትጎበኘኝ ትመጣለች።»

ሄድሊ ደብተሩን ሳብ አድርጎ ፈረመ፤ ገጹ እስኪቀደድ ተጭኖ ነው የፈረመው። እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም፤ እሷም አላመሰገነችውም። በሳምንቱ ለነርሶቹ ሁሉ ማሳሰቢያ ወጣ፤ ቱቦ አልጋው አጠገብ ይለጠፍ፣ በኪስ አይያዝ። ለምን እንደወጣ ማሳሰቢያው አይልም።

መንደሩ ግን የራሱን ምክንያት አገኘለት። ያቺ የሴዲ ልጅ፣ ከተማ የተማረችው፣ ግሌኒስን አስለቀሰቻት። ይኸው ነው። ሰላምታዋን የሚመልሰው ሰው እየቀነሰ ሄደ። አክስቷ ሴዲ ራሷ፣ «ምን አድርጋሽ ነው? ያቺ ደግ ሴት ምን አድርጋሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሮዌና አልመለሰችም። በሽተኛው የነገረኝን፣ ደሙ የነገረኝን፣ ከላቦራቶሪው በር ውጪ አላወጣም ብላ ፈርማለች። ለእናት አይነገርም፣ ለአክስት አይነገርም። ከቃጠሎው ሁሉ የባሰው ይህ ነበር፤ እውነቱ አፏ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ፍም እየፈጃት መትፋት አትችልም።

በግንቦት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጣሪያ ሊጠገን የመንደሩ እራት ተደረገ። ጨው ሥጋ፣ ጎመን፣ ድንች፣ በከረጢት የተቀቀለ የአተር ክክ። ሮዌና ለፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቷታል፤ መምጣትም አልፈለገችም ነበር፤ ሴዲ ናት ጎትታ ያመጣቻት። ሁለቱ አጎት ኤሊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፣ ግሌኒስ ሻይ ታድላለች። የጫፉ ኤሊ ትንሽ የሮም አረቄ ቀማምሷል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ግሌኒስ አንዴ ወጋችኝ፣ ዝንብ ያረፈችብኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ከዚያ ይቺ መጣች!» በሹካው ወደ ሮዌና ጠቆመ። «አንዴ ወጋችኝ፣ ሳተችኝ! ደገመችኝ! እየሞትኩ ስሜን ትጠይቀኛለች! እየሞትኩ!»

ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። ሴዲ አንገቷን ደፋች። ሮዌና ግሌኒስን አየቻት። ግሌኒስ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቁት፤ መናገር የምትችለው ደግሞ ጥፋቱ የራሷ የሆነችው ብቻ ናት። ሮዌና ጠበቀች። ተናገሪ አለቻት በልቧ፤ አንዲት ቃል፣ ሳቁን አቁሙ በያቸው ብቻ። ግሌኒስ ማንቆርቆሪያውን አየች። አልተናገረችም።

«አሁንስ?» አለ ሽማግሌው፣ ሳቁ ስለጣመው። «አሁንስ ስሜን አወቅሽው፣ ወይስ ገና ነው?»

ሮዌና ተነሳች። የአዳራሹን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ልክ ልኩን ብትነግረው ደስ ይላት ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አላውቀውም፣ አጎት ኤሊ» አለች። «እርስዎ ይንገሩኝ።»

አዳራሹ ዳግም ሳቀ። የጫፉ ኤሊ በደስታ ብድግ አለ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ደረቱን ነፋ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኤሊ ዱርንፎርድ!» ብሎ ጮኸ። «መጋቢት ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት!»

የግሌኒስ ማንቆርቆሪያ ዘመመና ሻዩ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ምን ሆንሽ እያሉ ሴቶቹ ጨርቅ ይዘው ሮጡላት። ሽማግሌው ቆሞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ስሙን ሦስተኛ ጊዜ እየደገመ ይስቃል። ሮዌና እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ተቀመጠችና ድንቿን መብላት ጀመረች።